ከ139 ሺህ የነርቭ ሴሎች መካከል አራቱን ለይቶ መያዝ፦ የስፕሊት-ጋል4 አሠራር በፍራፍሬ ዝንብ

የአንዲት አዋቂ የፍራፍሬ ዝንብ አንጎል ስንት የነርቭ ሴሎች እንዳሉት ዛሬ በግምት ሳይሆን በቆጠራ ይታወቃል። ፍላይዋየር የተባለው የተመራማሪዎች ጥምረት እ.ኤ.አ. በ2024 ይፋ ያደረገው የአንዲት ሴት ድሮሶፊላ ሜላኖጋስተር የአንጎል ካርታ 139,255 የነርቭ ሴሎችንና ወደ 50 ሚሊዮን የሚጠጉ ሲናፕሶችን (ሴሎች መልእክት የሚለዋወጡባቸውን መገናኛዎች) ይዟል። ካርታው ማን ከማን ጋር እንደተገናኘ ያሳያል፤ አንድ ሴል ሲቀሰቀስ ወይም ዝም ሲል ዝንቧ ምን እንደምታደርግ ግን አይናገርም። ያን ለማወቅ የተፈለገውን ሴል ብቻ፣ በብዙ ዝንቦች ውስጥ፣ ከትውልድ ትውልድ ሳይለዋወጥ የሚይዝ የዘረመል መሣሪያ ያስፈልጋል። ይህ መመሪያ እንዲህ ያለውን መሣሪያ ከመጀመሪያው ፍለጋ እስከ ባህርይ ሙከራው ድረስ እንዴት መሥራት እንደሚቻል ያስረዳል።

ለምሳሌነት የምንጠቀመው ሙንዎከር የሚል ስም የተሰጣቸውን ሴሎች ነው። እነዚህ በእያንዳንዱ የአንጎል ጎን ሁለት፣ በድምሩ አራት የሆኑ ሴሎች ከአንጎል ተነሥተው በአንገት በኩል ወደ ደረት የነርቭ ገመድ የሚወርዱ ሲሆኑ፣ ሲቀሰቀሱ ዝንቧ ወደ ኋላ እንድትራመድ ያደርጋሉ። በቪየና የባሪ ዲክሰን ቡድን ግኝቱን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። አራት ብቻ መሆናቸው ለትምህርት ይጠቅማል፤ ውጤቱን ቆጥሮ ማረጋገጥ የሚቻል ነውና።

ከመጀመር በፊት፦ መሣሪያው እንዴት እንደሚሠራ

ጋል4 በእርሾ ውስጥ ጋላክቶስ የተባለውን ስኳር ለመጠቀም የሚያስፈልጉ ጂኖችን የሚያስነሣ ፕሮቲን ነው። ዩኤኤስ ከሚባል የዲ.ኤን.ኤ. ቅደም ተከተል ጋር ተጣብቆ ከጎኑ ያለውን ጂን እንዲነበብ ያደርጋል። ዝንብ በተፈጥሮዋ ጋል4ም ሆነ ዩኤኤስ ስለሌላት ሁለቱን ከውጭ አምጥቶ ማስገባት ሌላውን የሰውነቷን ሥራ ብዙም አያውክም። አንድሪያ ብራንድና ኖርበርት ፔሪሞን እ.ኤ.አ. በ1993 ይህንን ለዝንብ ወደሚመች ሥርዓት ለወጡት፦ በአንዱ መስመር (አንድ ዓይነት ዘረመል ይዞ በሚራባ የዝንብ ዘር) ጋል4 በአንድ ኢንሃንሰር (ጂን በየትኞቹ ሴሎች እንደሚነበብ በሚወስን የዲ.ኤን.ኤ. ቁራጭ) ሥር ይቀመጣል፤ በሌላው መስመር የምንፈልገው ጂን በዩኤኤስ ሥር ይቀመጣል፤ ሁለቱ መስመሮች ሲዳቀሉ ጂኑ የሚሠራው ኢንሃንሰሩ በሚሠራባቸው ሴሎች ብቻ ይሆናል።

ችግሩ ያለው «በሚሠራባቸው ሴሎች ብቻ» በሚለው ሐረግ ውስጥ ነው። በዩናይትድ ስቴትስ የሚገኘው የጃኔሊያ የምርምር ማዕከል 3 ሺህ ያህል የዲ.ኤን.ኤ. ፊደላት ርዝመት ያላቸውን የኢንሃንሰር ቁርጥራጮች እየወሰደ በሺዎች የሚቆጠሩ የጋል4 መስመሮችን ሠርቷል፤ በቪየናም ተመሳሳይ ስብስብ ተዘጋጅቷል። ሆኖም ከእነዚህ መስመሮች አብዛኞቹ እርስ በርስ ምንም የማይዛመዱ በርካታ የሴል ዓይነቶችን በአንድ ላይ ያበራሉ። እንዲህ ባለ መስመር የተገኘ የባህርይ ለውጥ የየትኛው ሴል ሥራ እንደሆነ ማወቅ አይቻልም።

መፍትሔው እ.ኤ.አ. በ2006 በሉዋን፣ በዋይትና በባልደረቦቻቸው የቀረበው ስፕሊት-ጋል4 ነው። ጋል4 ሁለት ሥራዎች አሉት፤ አንደኛው ክፍሉ ከዲ.ኤን.ኤ. ጋር ይጣበቃል፣ ሁለተኛው ክፍሉ የጂኑን ንባብ ያስነሣል። ሁለቱ ክፍሎች ተለያይተው እያንዳንዳቸው በተለያየ ኢንሃንሰር ሥር ሲገቡ፣ እያንዳንዱ ብቻውን ዋጋ የለውም። ሁለቱም በአንድ ሴል ውስጥ ሲገናኙ ግን ሉሲን ዚፐር በሚባል የፕሮቲን ማያያዣ ተቆላልፈው እንደ ሙሉ ጋል4 ይሠራሉ። የሁለት ሰዎች ቁልፍ ካልተገኘ እንደማይከፈት የደብር ሙዳየ ምጽዋት፣ ጂኑም ሁለቱ ኢንሃንሰሮች በአንድነት ካልተገኙበት ሴል ውስጥ አይነሣም። ከዚህ በኋላ ከዲ.ኤን.ኤ. ጋር የሚጣበቀውን «ተጣባቂ ግማሽ»፣ ንባብ የሚያስነሣውን «አስነሺ ግማሽ» እላቸዋለሁ።

እዚህ ላይ ወደ ፊት የሚያስፈልግ አንድ ነገር ልጨምር። ዛሬ በብዛት በእጅ ያሉት አስነሺ ግማሾች የጋል4ን የራሱን ክፍል ሳይሆን ከአጥቢ እንስሳት የተወሰደውን ፒ65 የተባለ ጠንካራ ክፍል የያዙ ናቸው። ይህ ጉልበት ሰጥቷቸዋል፤ ያሳጣቸውም ነገር አለ፤ በስድስተኛውና በሰባተኛው ደረጃ እንመለስበታለን።

አንደኛ፦ ሴሉን በቅርጹ ማወቅ

ፍለጋ ከመጀመሩ በፊት የሚፈለገው ሴል በኮኔክቶም (ከላይ ባየነው ዓይነት የነርቭ ግንኙነት ካርታ) ውስጥ በመለያ ቁጥሩ ተገኝቶ ቅርጹ በዓይን መጠናት አለበት። የሴሉ አካል የት እንዳለ፣ ዋናው ቅርንጫፍ በየት በኩል እንደሚያልፍ፣ የት የት እንደሚበተን፣ በየጎኑ ስንት መሰሎች እንዳሉት በማስታወሻ ይጻፍ። ወደ ነርቭ ገመዱ የሚወርድ ሴል ከሆነ አንጎሉን ብቻ ማየት አይበቃም፤ ሙንዎከር ሴሎች ለምሳሌ ሦስቱንም ጥንድ እግሮች በሚያዙት የገመዱ ክፍሎች ውስጥ ይበተናሉ፤ ይህም ከሌሎች ወራጅ ሴሎች ለመለየት ይረዳል። የፍላይዋየር ካርታ የሴት ዝንብ መሆኑም አይዘንጋ። ጥያቄው የወንድን የፍቅር ዜማ ወይም ጠብ የሚመለከት ከሆነ የሚፈለገው ሴል በሴቷ ውስጥ ጭራሽ ላይኖር ወይም ሌላ ቅርጽ ሊኖረው ይችላል።

ሁለተኛ፦ አስቀድሞ የተሠራ መኖሩን ማጣራት

በጣም አጭሩ ደረጃ ይህ ነው፤ ከሁሉ የበለጠ ጊዜ የሚያተርፈውም ይኸው ነው። ጃኔሊያ ተመርጠውና ተጣርተው የተዘጋጁ የስፕሊት-ጋል4 መስመሮችን ምስሎች በነጻ ያሳያል፤ ብዙዎቹ መስመሮችም በኢንዲያና ከሚገኘው የብሉሚንግተን የድሮሶፊላ ማዕከል ይታዘዛሉ። ለሙንዎከር ሴሎችም ዝግጁ መስመር አለ። የሚፈልጉት ካለ ከዚህ በቀጥታ ወደ አምስተኛው ደረጃ ይለፉ፤ መስመሩ የታተመ ነው ብሎ ግን ምርመራውን መዝለል አይገባም።

ሦስተኛ፦ ሁለቱን ግማሾች መምረጥ

ዝግጁ መስመር ከሌለ ኒውሮንብሪጅ የተባለው የድረ ገጽ መፈለጊያ ዋናው መሣሪያ ነው። የኮኔክቶሙን ሴል ቅርጽ ከጋል4 መስመሮች የማይክሮስኮፕ ምስሎች ጋር ያመሳክራል፤ ምስሎቹ ወደ አንድ ገጽ የተጨመቁ ሆነው ቀለማቸው ጥልቀትን ስለሚያመለክት ተመሳሳይ መንገድ በተመሳሳይ ጥልቀት የሚሄዱ ቅርንጫፎች ይገጣጠማሉ። ውጤቱ ከላይ ወደ ታች በነጥብ ተደርድሮ ይመጣል። ነጥቡን ማመን ግን ጥሩ አይደለም። ብዙ ሴሎች ባሉበት መስመር ውስጥ የተለያዩ ሴሎች ቅርንጫፎች ተደራርበው የተፈለገውን ሴል የሚመስል ቅርጽ ሊፈጥሩ ስለሚችሉ፣ በነጥብ ከላይ የመጣ መስመር የተፈለገውን ሴል ጨርሶ ያልያዘ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ቅድሚያ መሰጠት ያለበት በጥቂት ሴሎች ላይ በዘፈቀደ የተለያየ ቀለም እንዲወጣ ተደርጎ ለተነሡ ምስሎች ነው፤ በእነዚህ ውስጥ አንድ ሴል ብቻውን ከነሙሉ ቅርጹ ስለሚታይ ጥርጣሬ አይተርፍም።

ሴሉን በእርግጥ የያዙ መስመሮች ከተለዩ በኋላ ጥያቄው ይለወጣል፦ ከእነዚህ መካከል የትኞቹ ሁለቱ ከተፈለገው ሴል በቀር የሚጋሩት ነገር የለም? ሁለቱም ንጹሕ መሆን የለባቸውም። አንደኛው መስመር የማሽተቻ ሴሎችንና ግማሽ የእይታ ክፍሉን ቢያበራ እንኳ፣ ሁለተኛው እነዚያን ካልነካ ችግር የለም። በተቃራኒው ሁለት ንጹሕ የሚመስሉ መስመሮች አንድ ዓይነት የማይፈለግ ሴል የሚጋሩ ከሆነ፣ ጥምራቸው ያንን ሴል አጉልቶ ያወጣዋል። በተጨማሪ ሴሉ በደማቁ የሚታይባቸውን መስመሮች መምረጥ ይገባል፤ ሁለቱ ግማሾች የሚሰጡት ጉልበት በደካማው ግማሽ ይወሰናልና።

የአንድ ጥንድ ተስፋ ሁልጊዜ አጠራጣሪ ስለሆነ አራት ወይም አምስት አስነሺ ግማሾችን ከዚያው ያህል ተጣባቂ ግማሾች ጋር በሰንጠረዥ አዘጋጅቶ ሁሉንም ጥምር መሞከር የተሻለ ነው። ግማሾቹን ከማዘዝ በፊት ቦታቸውም መታየት አለበት። በአብዛኛው አስነሺው ግማሽ በሁለተኛው ክሮሞዞም ላይ አትፒ40 በሚባለው ቦታ፣ ተጣባቂው ደግሞ በሦስተኛው ክሮሞዞም ላይ አትፒ2 በሚባለው ቦታ ይገባል። ይህ ክፍፍል ማዳቀሉን ቀላል ያደርገዋል። ሁለቱም በአንድ ቦታ ላይ ከሆኑ ግን የአንዱ ኢንሃንሰር በትይዩ ክሮሞዞሙ ላይ ያለውን ጎረቤቱን ሊቀሰቅስ ይችላል፤ ያን ጊዜ የሚታየው የሁለቱ መገናኛ አይሆንም።

አራተኛ፦ የሙከራ ማዳቀል

ምልክት ሰጪው ጂን (የተያዘውን ሴል አብርቶ የሚያሳየው) በኤክስ ክሮሞዞም ላይ ቢሆን ሥራው በጣም ይቀላል። ለዚህ የሚመች የታወቀ መስመር በዩኤኤስ ሥር ሲኤስክሪምሰን የተባለውን፣ በብርሃን ተከፍቶ ሴሉን የሚቀሰቅስ በር ከአብሪ ፕሮቲን ጋር አጣምሮ በኤክስ ላይ የያዘ ነው፤ በአንድ ዝንብ ቅርጽንም ባህርይንም ለመመርመር ያስችላል።

በመጀመሪያው ትውልድ፣ ይህ ምልክት ሰጪ በኤክስ ላይ፣ ሲዋይኦ የተባለው ባላንሰር (ከተጓዳኙ ጋር ሳይደባለቅ የሚወረስ፣ በዓይን የሚታይ ምልክት ያለው ክሮሞዞም) ደግሞ በሁለተኛው ክሮሞዞም ላይ ያለባቸው ድንግል ሴቶች፣ አስነሺውን ግማሽ በሁለቱም ቅጂ ከያዙ ወንዶች ጋር ይዳቀላሉ። ከልጆቻቸው ክንፋቸው ወደ ላይ የተቆለመመ ወንዶች ይመረጣሉ፤ ክንፉ የሲዋይኦ ምልክት ነው፤ የባላንሰሩ ተጓዳኝ ደግሞ የግድ የአባታቸው አስነሺ ግማሽ ነው። በሁለተኛው ትውልድ እነዚህ ወንዶች ተጣባቂውን ግማሽ በሁለቱም ቅጂ ከያዙ ድንግል ሴቶች ጋር ይዳቀላሉ። አባት ያለውን ኤክስ ለሴት ልጆቹ ሁሉ ስለሚያወርስ ሴቶቹ ሁሉ ምልክት ሰጪውን፣ ከእናታቸው ደግሞ ሁሉም ተጣባቂውን ግማሽ ይወስዳሉ። ከእነሱ መካከል ክንፋቸው ቀጥ ያለው አስነሺውንም ግማሽ የያዙ፣ የምንፈልጋቸው ናቸው። ክንፋቸው የተቆለመመው እህቶቻቸውም አይጣሉ፤ አስነሺው ግማሽ ስለሌላቸው፣ በተመሳሳይ ብልቃጥ ያደጉ ማነጻጸሪያዎች ናቸው።

ድንግል ሴቶችን መልቀም ትዕግሥት ይጠይቃል። በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ ሴቷ ከወጣች በኋላ ለ8 ሰዓት ያህል ከወንድ ጋር እንደማትገናኝ ይታሰባል፤ በ18 ዲግሪ ይህ ጊዜ በእጥፍ ገደማ ይረዝማል። አዲስ የወጣች ሴት ገርጣ ያለች ስትሆን በሆዷ በኩል ጥቁር ነጥብ ይታያል። ከእንቁላል እስከ አዋቂ በ25 ዲግሪ 10 ቀን ያህል ስለሚወስድ ሁለቱ ትውልዶች ከአንድ ወር ባነሰ ጊዜ ይጠናቀቃሉ።

አምስተኛ፦ አንጎሉንና የነርቭ ገመዱን ማየት

ይህ ደረጃ የመመሪያው ልብ ነው። ዝንቦቹ ከወጡ ከጥቂት ቀናት በኋላ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ወይም በበረዶ ይደነዝዛሉ፤ አንጎሉና የደረቱ የነርቭ ገመድ አንገቱ ሳይበጠስ በአንድ ላይ ይወጣሉ። አንገቱን ሳይበጥሱ ማውጣት እጅ እስኪለምድ ያስቸግራል፤ ወደ ገመዱ ለሚወርድ ሴል ግን ድካሙ የሚያስቆጭ አይደለም። ናሙናው በ4 በመቶ ፓራፎርማልዴሃይድ ለ20 እስከ 30 ደቂቃ ይቆያል፤ ከዚያ 0.5 በመቶ ትራይተን ባለበት የፎስፌት በፈር ደጋግሞ ይታጠባል፤ በሴረም ከተሸፈነ በኋላ አብሪውን ፕሮቲን ከሚለይ አንቲቦዲና ኤንሲ82 ከተባለው አንቲቦዲ ጋር በ4 ዲግሪ ለሁለት ቀን ያህል ይቀመጣል። ኤንሲ82 በሲናፕሶች ላይ ያለውን ብሩክፓይለት የተባለ ፕሮቲን ስለሚይዝ የአንጎሉን ጠቅላላ መልክ ያሳያል፤ ያለ እሱ ምስሉን ከመደበኛው የአንጎል መለኪያ ጋር ማስተካከልና ከኮኔክቶሙ ጋር ማመሳከር አይቻልም። ሁለተኛዎቹ አንቲቦዲዎች ከገቡና ከታጠቡ በኋላ ናሙናው በኮንፎካል ማይክሮስኮፕ ይታያል።

ምስሉ ሲገኝ መጀመሪያ የሚደረገው የሴል አካላትን መቁጠር ነው። ሙንዎከርን ለሚፈልግ ሰው ትክክለኛው መልስ በየጎኑ ሁለት ነው። ሦስት ከታየ ሦስተኛው ማን እንደሆነ መታወቅ አለበት፤ አንድ ብቻ ከታየ ደግሞ መስመሩ በሁሉም ዝንብ ላይ እኩል አይሠራም ማለት ነው። አንድ አንጎል አይቶ መወሰን አይበቃም፤ ቢያንስ አምስት ወይም ስድስት አንጎሎች ታይተው በየጎኑ ያለው ቁጥር በሰንጠረዥ ይመዝገብ።

ቀጥሎ የሚመረመረው ያልተፈለገው ነው። በአንጎል ውስጥ እጅግ የጠራ መስመር በነርቭ ገመዱ ውስጥ በርካታ ሴሎችን፣ አልፎም የእግር የስሜት ሴሎችን፣ ጡንቻን ወይም አንጀትን ሊያበራ ይችላል። የእግር እንቅስቃሴን የሚያጠና ሰው በነርቭ ገመዱ ውስጥ ያለን አንድ ተጨማሪ ሴል ችላ ካለ ሙከራው በሙሉ ዋጋ ያጣል፤ ስለ ማሽተት የሚያጠና ግን ያንኑ ሴል ሊታገሠው ይችል ይሆናል። ንጽሕና የሚለካው ከጥያቄው አንጻር ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ከብዙ የታተሙ ምስሎች የጎደለው ነርቭ ገመዱ ነው፤ አንባቢም ይህን ሲያይ መጠየቅ አለበት።

ስድስተኛ፦ ካልጠራ ማጥራት

ያልተፈለጉ ሴሎች ከታዩ መጀመሪያ የሚሞከረው ከሰንጠረዡ ሌላ ጥንድ መውሰድ ነው። ይህ ካልተሳካ ሦስተኛ ሁኔታ ይጨመራል። አንዱ መንገድ ኤፍአርቲ በሚባሉ የዲ.ኤን.ኤ. ምልክቶች መካከል የተቀመጠ ማገጃ ያለበትን የዩኤኤስ ጂን መጠቀምና ማገጃውን የሚያነሣውን ፍሊፔዝ የተባለ ኢንዛይም በሌክስኤ ሥርዓት በኩል በሌላ ኢንሃንሰር ማዘዝ ነው። ሌክስኤ ከባክቴሪያ የተወሰደ፣ ከጋል4 ጋር የማይጋጭ ሌላ ጥንድ ሥርዓት ነው።

ሌላው መንገድ መቀነስ ነው። ሙሉ ጋል4ን ለማፈን የሚያገለግለው ጋል80 የሚይዘው የጋል4ን የራሱን አስነሺ ክፍል ስለሆነ ፒ65 ባለበት ስፕሊት ላይ አይሠራም። ለዚህ የተዘጋጀው ኪለር ዚፐር የተባለው ፕሮቲን ነው፤ ከአንዱ ግማሽ ጋር ተቆላልፎ ሁለቱ እንዳይገናኙ ያደርጋል።

ሰባተኛ፦ ቋሚ መስመር መሥራትና አስፈጻሚውን ጂን መምረጥ

የተመረጡት ሁለት ግማሾች ሁለቱን ክሮሞዞሞች የሚይዙ ባላንሰሮች ባሉት መስመር በኩል ወደ አንድ መስመር ይሰበሰባሉ፤ ከዚያ በኋላ ማንኛውንም የዩኤኤስ መስመር በአንድ ማዳቀል ብቻ መጠቀም ይቻላል። አትፒ40 የሚገኘው ኤምኤስፒ300 በተባለ የጡንቻ ጂን ውስጥ ስለሆነና በሁለቱም ቅጂ ሲያዝ ጉዳት እንደሚያስከትል ስለታወቀ፣ ለሙከራ የሚቀርቡት ዝንቦች በዚያ ቦታ በሁለቱም ክሮሞዞሞች ላይ ማስገቢያ የያዙ እንዳይሆኑ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የአስፈጻሚው ጂን (ሴሉን የሚቀሰቅሰው ወይም ዝም የሚያሰኘው) መስመርም በአትፒ40 ላይ ከሆነ ከአስነሺው ግማሽ ጋር ሲገናኝ ይኸው ሁኔታ ሳይታወቅ ይፈጠራል።

ለመቀስቀስ ሲኤስክሪምሰን በቀይ ብርሃን የሚከፈት በመሆኑ ይመረጣል፤ ዝንቦች ቀይን በደካማው ነው የሚያዩት። ሥራውን ለመሥራት ኦል-ትራንስ ሬቲናል የተባለ የቫይታሚን ኤ ዓይነት ስለሚያስፈልገው ምግቡ ውስጥ ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊሞላር ይጨመራል፤ ዝንቦቹም በጨለማ ይቆያሉ። የመጀመሪያው የሙንዎከር ሥራ በሙቀት የሚከፈተውን ትሪፕኤ1 ተጠቅሞ ነበር፤ ሙቀት ግን ራሱ የዝንብን አረማመድ ስለሚለውጥ ዛሬ ብርሃኑ ይሻላል።

ዝም ለማሰኘት ያለው ምርጫ ያን ያህል ምቹ አይደለም። ኪር2.1 የሴሉን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ ያዳክማል፤ የቴታነስ መርዝ ቀላል ሰንሰለት መልእክት ማስተላለፉን ይዘጋል፤ ሁለቱም ግን ከእድገት ጀምሮ የሚሠሩ ስለሆኑ ሴሉ ወይም አካባቢው ሊላመድ፣ አንዳንዴም ዝንቧ ሳትወጣ ልትሞት ትችላለች። ብዙ ሰው የሚያስበው መፍትሔ በሙቀት የሚታዘዘውን ጋል80 መጨመርና በ18 ዲግሪ አፍኖ አሳድጎ በ29 ዲግሪ መልቀቅ ነው። በፒ65 ስፕሊት ላይ ግን ይህ አይሠራም፤ ስህተት የሚመስል ነገር ሳያሳይ ዝም ብሎ አለመሥራቱ ደግሞ ይበልጥ አደገኛ ያደርገዋል። የጊዜ ቁጥጥር የግድ ከሆነ የጋል4ን የራሱን አስነሺ ክፍል የያዙ ግማሾችን መፈለግ፣ ወይም ሙቀት ከ30 ዲግሪ ገደማ ሲያልፍ ብቻ የሲናፕስ ሥራን የሚያቆመውን ሺቢሬ፣ ወይም በአረንጓዴ ብርሃን የሚከፈተውን ጂቲኤሲአር1 መጠቀም ያስፈልጋል። የኋለኛው ፈጣንና ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ዝንቧ ብርሃኑን በደንብ ስለምታይ ማነጻጸሪያው ተመሳሳይ ብርሃን የግድ ይፈልጋል።

ስምንተኛ፦ ማነጻጸሪያዎችና ባህርዩ

ቢያንስ ሦስት ማነጻጸሪያዎች ያስፈልጋሉ፦ ኢንሃንሰር የሌላቸው ባዶ ግማሾች ከአስፈጻሚው ጂን ጋር፣ ስፕሊቱ ያለ አስፈጻሚው ጂን፣ እንዲሁም ለብርሃን ሙከራ ሙሉው ጥምር ያለ ሬቲናል። የመጨረሻው በዘር ፍጹም አንድ ዓይነት የሆኑ ዝንቦችን ስለሚያነጻጽር ከሁሉም ጠንካራው ነው። የዝንቦቹ ዕድሜ፣ ጾታና የቀኑ ሰዓት እኩል መሆን አለባቸው፤ ብልቃጦቹም ቆጣሪው በማያውቀው ምልክት ቢጻፍባቸው መልካም ነው።

በሙንዎከር ሴሎች ላይ ሁለቱም አቅጣጫ ይመሰክራል። ቀዩ ብርሃን ሲበራ ዝንቧ ወደ ኋላ ትራመዳለች፤ ሴሎቹ ዝም ሲሉ ደግሞ መውጫ በሌለው ጠባብ መንገድ መጨረሻ የደረሰች ዝንብ ወደ ኋላ መመለስ ያቅታታል። መቀስቀስ ብቻውን ሴሉ ያንን ማስነሣት እንደሚችል ያሳያል፤ ዝንቧ በራሷ ኑሮ እንደምትጠቀምበት የሚያሳየው ዝም ማሰኘቱ ነው። ከሁለቱ አንዱ ብቻ ከተገኘ በጽሑፉ ውስጥ የሚቀርበው መደምደሚያ በዚያ ልክ ይጠር።

ከሙከራው በኋላ የተፈተኑት ዝንቦች ራሳቸው ቢያንስ በከፊል ተከፍተው ይታዩ። ምልክት ሰጪው በአንድ ቦታ፣ አስፈጻሚው ጂን በሌላ ቦታ ከገቡ፣ የዩኤኤስ ቅጂዎች ብዛትም ከተለያየ፣ ደካማ በሆነው ምልክት ሰጪ ያልታየ ሴል በጠንካራው አስፈጻሚ ውስጥ ሊኖር ይችላልና። ሲኤስክሪምሰን ከአብሪ ፕሮቲን ጋር የተጣመረ ስለሆነ ይህን ለማድረግ ሌላ ማዳቀል አያስፈልግም፤ ባህርይዋ የተቀረጸው ዝንብ ወደ ብልቃጧ ሳትመለስ ወደ መክፈቻው ሳህን ትሄዳለች።